ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚተው ሀብትና የትምህርት ቤቱ ድርሻ፤ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አንጻር ሲመረመር

ወላጅ ለልጁ ሀብት የሚያስተላልፍበት ሥርዓት እስካሁን በአመዛኙ የሕግ ባለሙያዎችና የሽማግሌዎች ጉዳይ ተደርጎ ሲቈጠር ቆይቷል። ስለ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ትምህርት ሲጻፍም የሚነሡት ነጥቦች የታወቁ ናቸው፤ ሕፃኑ ትምህርት ቤት ስለ መግባቱ፣ የሠለጠነ መምህር ስለ ማግኘቱ፣ የመማሪያ ክፍሉ በር ለተሽከርካሪ ወንበር ስለ መብቃቱ፣ የብሬል መጽሐፍ በወቅቱ ስለ መድረሱ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ የአካል ጉዳተኛ ልጅ ወላጅ ከሁሉ አብልጦ የሚጨነቅበት ጥያቄ ከነዚህ መካከል አይገኝም። እርሱም «እኔ ያለፍኩ ዕለት ይህ ልጅ በምን ይኖራል? የተውኩለትንስ ማን ያስተዳድርለታል?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአገሪቱ ሕግ በተለምዶ ከሚታሰበው በላይ መልስ አለው። መልሱ ግን በጽሑፍ፣ በስሌትና በምዝገባ ላይ የቆመ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከፍርድ ቤት በፊት የትምህርት ቤት ሥራዎች ናቸው። በዚህም ምክንያት ሒሱ በሁለት ወገን ላይ ያርፋል። ሕጉ ሀብትን ሲያስብ የሚያየው በስም የተመዘገበ ቤትና በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱም አካል ጉዳተኛውን ልጅ የሚያየው ከመግቢያው በር እስከ መውጫው በር ድረስ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ፕሮግራም ስትራቴጂና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሎ የቀረበው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ ሲነበቡ ክብደታቸው ልጁ ወደ ትምህርት ገበታ በመቅረቡና በዚያ በመቆየቱ ላይ ያረፈ ነው። ልጁ አርባ ዓመት ሲሞላውና ወላጆቹ በሕይወት በማይኖሩበት ጊዜ በእጁ ስለሚገባ ገንዘብ ማሰብ የማን ተግባር እንደሆነ አንባቢው ተለይቶ አያገኘውም።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ አስቀምጦ መመርመር ይቀላል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ናት። ታይዋን በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ገበያዋ በጅቡቲና በሶማሌላንድ በኩል በሚገባ የኤሌክትሮኒክስ፣ የልብስ፣ የጫማና የቤት ዕቃ ሸቀጥ ከከተማዋ አልፎ በአገሪቱ ሁሉ ስም ያተረፈ ነው። ከአዲስ አበባና ከሐረር የሚሄድ እንግዳ ወደ ታይዋን ሳይገባ አይመለስም። የሚያየው በመደርደሪያ ላይ የተከመረውን ዕቃ ነው፤ ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለውን የሀብት አያያዝ ግን አያየውም።

የአንድ የታይዋን ነጋዴ ሀብት የት ይገኛል? አንዱ ክፍል በመደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ ነው። ሌላው በዱቤ ደብተር ላይ በአጭር በአጭሩ፣ ብዙ ጊዜም በቅጽል ስም ብቻ የተጻፈ የሰው ዕዳ ነው። ሌላው በእቁብ ውስጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከድንበር ማዶ ካለ ሸሪክ ዘንድ በቃል የተቀመጠ ነው። ሱቁ የኪራይ ከሆነ የነጋዴው ሀብት አይደለም። የሚኖርበት ቤት የቀበሌ ከሆነም በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ምክንያት የመንግሥት እንጂ የተከራዩ ንብረት አይደለም፤ ለልጅም በኑዛዜ አይተላለፍም። ከዚህም በላይ የጉምሩክ ሰነድ የሌለው ዕቃ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ እንኳ በግልጽ የማይቈጠር በመሆኑ ከሞተ በኋላ በውርስ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ሊሰፍር አይችልም። እንዲህ ያለው ሀብት በባለቤቱ ራስ ውስጥ የሚኖር ሀብት ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ባለቤቱ ሲሞት ሂሳቡም አብሮት ይሞታል፤ የተረፈውን የሚያውቀው ሱቁን የረዳው ጤነኛ ልጅ ወይም ወንድም ብቻ ነው። ቤት የቀረው አካል ጉዳተኛ ልጅ ግን የአባቱን ባለዕዳዎች አያውቃቸውም፤ እነርሱም አያውቁትም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ በሺህ የሚቈጠሩትንም ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። ድሬዳዋ ሞት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ እንደሚመጣ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በቅርብ ታውቀዋለች። እንዲህም ሆኖ ሰው ኑዛዜን ከመጨረሻው ሕመም በፊት ማንሣት ሞትን እንደ መጥራት የሚቈጥርበት ልማድ አልተለወጠም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው አደራ ነው። አባት ታላቁን ልጅ ወይም ወንድሙን በሽማግሌ ፊት «ይህን ልጅ አደራ፤ የእርሱም ድርሻ በአንተ እጅ ነው» ይለዋል። አደራ ቀላል ቃል አይደለም፤ አደራ በላ የተባለ ሰው በአካባቢው ፊቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። በመሆኑም አደራን እንደ ኋላቀር ልማድ ቈጥሮ ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። ጉድለቱ ግን አደራው የተሰጠው ለአንድ ሰው መሆኑ ላይ ነው። አደራ ተቀባዩ ሊከስር፣ ሊሰደድ፣ ሊሞት ይችላል። እርሱ ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ ሚስቱና ልጆቹ ቃል የገቡት ነገር የለም። ሀብቱ በእርሱ ስም ወይም ከእርሱ ሸቀጥ ጋር ተቀላቅሎ ከተገኘ ለእርሱ ያበደሩ ሰዎች የአካል ጉዳተኛውን ድርሻ ለይተው የሚተዉበት ምክንያት የለም። በጽሑፍ ያልሰፈረ አደራ ለኅሊና ጠንካራ፣ ለዳኛ ግን ደካማ ማስረጃ ነው።

ሕጉስ ለቃል ምን ያህል ሥፍራ ይሰጣል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ጨርሶ አልካደም። በሁለት ምስክሮች ፊት የተነገረ ቃል ዋጋ አለው። ነገር ግን በዚህ መልክ ሊሰጥ የሚችለው ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር እንዳይበልጥ በ893ኛው አንቀጽ ተወስኗል። ተናዛዡ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በታይዋን ገበያ አንድ ጥሩ ጫማ አይገዛም። ሕግ አውጪው የቃልን ኑዛዜ በገንዘብ መጠን ለማጥበብ የፈለገበት ምክንያት ይገባል፤ ውሸተኛ ምስክር እንዳይበዛ ነው። ሆኖም መጠኑን በብር ቈርጦ በማስፈሩ ምክንያት የገንዘቡ ዋጋ በወደቀ ቍጥር ሕጉ ሳይሻር እየተሻረ መጥቷል። የቃል ኑዛዜ ለዚህ ጉዳይ የቀረው ጥቅም አንድ ነው፤ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ለመሰየም ያገለግላል። በሕጉ ቋንቋ አሳዳሪ የልጁን ሰውነትና ደኅንነት የሚጠብቅ፣ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት መሆኑን መምህራን ለወላጆች ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ሁለቱን ለተለያዩ ሰዎች መስጠት ይቻላልና። ልጁን የምትወድ አክስት ሂሳብ ላታውቅ ትችላለች፤ ሂሳብ የሚያውቅ አጎትም ልጁን ላይወደው ይችላል።

የጽሑፍ ኑዛዜ ሁለት ዓይነት ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያውኑ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው በሥራው ላይ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። በታይዋን አራት ምስክር ማግኘት አያስቸግርም፤ ግራና ቀኝ ያሉ ባለሱቆች አሉ። የሚያስቸግረው ነጋዴው ሀብቱን ለተወዳዳሪው ጆሮ ማሰማት አለመፈለጉ ነው። ይህን ምክንያት የንቃት ማነስ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ነጋዴው በሚያውቀው ዓለም ውስጥ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማው ሁለተኛው፣ ማለትም ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ነው። ምስክር አያሻውም። ሁለት ነገሮች ግን ያሻዋል፤ ጽሑፉ ራሱ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። በሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ስምንተኛ ዓመቱን የያዘ የአባት ኑዛዜ የአባት መታሰቢያ እንጂ የልጅ መብት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያው ዙር በአምስት ቋንቋዎች፣ በኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ ብዙ ጐልማሶች ስማቸውን መጻፍና አጭር ጽሑፍ ማንበብ ቻሉ። ስምን መጻፍና ኑዛዜን መጻፍ ግን በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አለ። የጐልማሶች ትምህርት ስለ ማዳበሪያና ስለ ወባ ሲያስነብብ የኖረ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። ነገር ግን ለአንድ ወላጅ በሕይወቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደው አንድ ገጽ ጽሑፍ ኑዛዜው ከሆነ ይህን ገጽ መጻፍ የሚያስችል ልምምድ በጐልማሶች መማሪያ ውስጥ ሊታጣ አይገባም።

ለአካል ጉዳተኛው ልጅ ከሌሎቹ አብልጦ መስጠትስ ይቻላልን? ይህን ጥያቄ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ሲሆን «ሕጉ እኩል ነው የሚለው» የሚል ግማሽ እውነት የሆነ መልስ ያገኛሉ። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ኑዛዜ ካለ ግን በእኩልነት ላይ ሕጉ የተወሰነ ልዩነት ይፈቅዳል። ከልጆቹ አንዱ በሕጉ ሊደርሰው ከሚገባው ድርሻ ከአንድ አራተኛ በላይ የጐደለበት እንደሆነ ክፍፍሉ እንዲፈርስ ለመጠየቅ ይችላል፤ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ የጐደለበት ግን አይችልም። ለምሳሌ ያህል ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ሀብት 8,000,000 ብር ነው እንበል። አባት ሲሞት ግማሹ የእናት የራሷ ድርሻ ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው 4,000,000 ብር ይሆናል። ልጆቹ አራት ከሆኑ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 1,000,000 ብር ነው። አባት ለሦስቱ 750,000 ብር እያደረገ ቢናዘዝ ሦስቱ በድምሩ 2,250,000 ብር ይወስዳሉ፤ ለአካል ጉዳተኛው ልጅ 1,750,000 ብር ይቀራል፤ ይህንንም በዚህ ምክንያት ማንም ሊያፈርስበት አይችልም። የክፍልፋይ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሒሳብ መጻሕፍቱ ግን ብርቱካን ሲያካፍሉ ይውላሉ።

ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም። ከታይዋን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ የውርስን፣ የኑዛዜን፣ የስጦታንና የወቅፍን ጉዳይ ያያሉ። በሸሪዓ ሥርዓት ድርሻዎች የተወሰኑ ናቸው፤ ኑዛዜ ከሀብቱ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜም ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ በቀር አይጸናም። ስለዚህ ከላይ የታየውን ስሌት ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ እንዳለ ማስተማር ማሳሳት ይሆናል። በዚያ በኩል የሚከፈተው በር በሕይወት ሳሉ የሚደረግ ስጦታ፣ ማለትም ሂባ፣ እና ወቅፍ ነው። ወቅፍ ሲባል መስጊድና መድረሳ ብቻ የሚታሰብ ቢሆንም ለቤተሰብ አባል መተዳደሪያ የሚደረግም አለ። ዋናውን ሳይነኩ ፍሬውን ለደካማው ልጅ ማዋል የሚለው አሳብ ለድሬዳዋ ሰው አዲስ አይደለም ማለት ነው።

የሚያስደንቀውም ይኸው አሳብ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ከ516ኛው አንቀጽ ጀምሮ ተጽፎ መገኘቱ ነው። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ከእንግሊዝ ሕግ የመነጨውን የባላደራ ሥርዓት በአብዛኛው የአውሮፓን የተጻፈ ሕግ በሚከተል መጽሐፍ ውስጥ አስገብተውታል። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው ከሀብቱ ተለይቶ የታወቀውን ክፍል ይመድባል፤ ባላደራ ይሾምበታል፤ ባላደራውም በተሰጠው መመሪያ መሠረት እያስተዳደረ ጥቅሙን ለተባለው ሰው ያደርሳል። ንብረቱ ራሱን ችሎ የቆመ እንጂ ከባላደራው የግል ሀብት ጋር የሚቀላቀል አይደለም። በሕይወት ሳሉ በስጦታ፣ ከሞት በኋላም በኑዛዜ ሊመሠረት ይችላል። ከሕጉ ድንጋጌዎች ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ወላጅ ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ ነው። የአደራን ጥንካሬ ይዞ የአደራን ድካም ያስወግዳልና። ሆኖም ከስድሳ ዓመት በላይ በመጽሐፉ ውስጥ ሲኖር ከነጋዴው ጆሮ አልደረሰም። ቃሉ አገሩ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንግዳ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ረገድ ጥፋቱን በሕግ አውጪው ላይ መጣል አይቻልም። ሕጉን ተርጕሞ ለሕዝብ ማድረስ ያልቻለው የትምህርቱ ወገን ነው።

ባላደራ ማን ይሁን የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። እድሮችና በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ የሚባሉት ማኅበራት ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥና መዝገብ አላቸው፤ አባል ሲሞት አባል ይተካል። እስካሁን የያዙት ሥራ ቀብርና ኀዘን ነው። በሕግ የተመዘገበ እድር ለሞተ አባሉ አካል ጉዳተኛ ልጅ ባላደራ ወይም ቢያንስ የባላደራው ተቈጣጣሪ ቢሆን ለድንኳንና ለወንበር የሚያወጣው ድካም ለሕያው ሰው በዋለ ነበር። የጡረታ አበል የዚህን ቦታ ሊሸፍን አይችልም። ለወላጅ አልባ ልጅ የሚከፈለው ድርሻ በዕድሜ የተገደበ ነው፤ የታይዋን ነጋዴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጡረታው መዝገብ ውጭ ነው።

የሚተወው ሀብት ዓይነትም መታየት አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለልጁ በባንክ ጥሬ ገንዘብ ያስቀመጠ አባት ገንዘቡ ሳይነካ ዋጋው እንደ ቀነሰበት አይቷል። ሸቀጥ ዋጋውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ሻጭ ከሌለው ግን ከአቧራ በቀር የሚያፈራው የለም። በስም የተመዘገበ፣ የሚከራይ ቤት በየወሩ ፍሬ የሚሰጥ በመሆኑ ለዚህ ዓላማ ከሁሉ ይሻላል። ቤትን በስጦታ መስጠት ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት ካልተከተለ ዋጋ የለውም፤ ቍልፍ ማስረከብ ስጦታ አይደለም።

ከሀብቱ ወደ ልጁ ስንመለስ የሕጉ ከባድ ጉድለት ይታያል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን በ18 ዓመት እንደሚሞላ ይደነግጋል። አባት የሾመው ሞግዚት ሥልጣንም በዚያው ዕለት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ሀብቱን ማስተዳደር የማይችል ሰው እንዲጠበቅ የተፈለገ እንደሆነ መንገዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «በፍርድ የተከለከለ» ማሰኘት ነው። በፍርድ የተከለከለ ሰው እንደ ሕፃን ይቈጠራል። ከክልከላው በኋላ ኑዛዜ አይናዘዝም፤ ስለ ገንዘቡም ሌላ ሰው ይወስንለታል። የ340ኛው አንቀጽ ደግሞ መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ ዓይነ ስውራንንና ሌሎችንም በቋሚ ደዌ ምክንያት ራሳቸውን መምራት የማይችሉ ሰዎችን ለአእምሮ ሕሙማን በተሠራው ጥበቃ እንዲጠቀሙ ይፈቅድላቸዋል። አንቀጹ የሚፈቅድ እንጂ የሚያስገድድ አይደለም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከዓይነ ስውራን መካከል የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ወጥታ በ2010 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በተቀበለችበት አገር ዓይን አለማየትንና ገንዘብ መያዝ አለመቻልን በአንድ መስመር ማስፈር ጊዜው ያለፈበት አነጋገር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት ሀብት የማፍራት፣ የመውረስና የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቈጣጠር መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አሮጌው ሕግ በልጁ ፈንታ የሚወስን ሰው ይሾማል፤ አዲሱ ስምምነት ልጁ ራሱ እንዲወስን የሚረዳው ሰው ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአዋጅ ብቻ አይሞላም። ውሳኔ መስጠትን ያልተለማመደ ሰው በሃያ ዓመቱ መብት ቢሰጠው መብቱን ለቀረበው ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

የትምህርት ቤቱ ተግባር እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ቍጥርን ከአንድ እስከ ሃያ በመጥራትና ቀለም በመቀባት ይወሰናል። ልጁ ሃያን ይጠራል፤ የሃያ ብር ሳሙና ገዝቶ ከመቶ ብር ላይ ስንት እንደሚመለስለት ግን አያውቅም፤ ገንዘብ በእጁ ይዞ አያውቅምና። ቤተሰቡም ከፍቅር የተነሣ አያስይዘውም። በታይዋን ሱቅ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበረው። ዋጋ ሲጠራ፣ ሲከራከሩ፣ ብር ሲቈጠር፣ በደብተር ሲጻፍ በየቀኑ ሊያይ ይችል ነበር። ያ ልጅ ግን ከሱቁ ርቆ በጓዳ የሚቀመጠው እርሱ ነው። መምህሩ የክፍሉን ትምህርት ወደ ገበያው አውጥቶ ልጁ በየሳምንቱ አንድ ዕቃ በራሱ ገንዘብ እንዲገዛ፣ መልሱን እንዲቈጥር፣ የገዛውን በሥዕልም ሆነ በጽሑፍ እንዲመዘግብ ቢያደርግ ከማንኛውም የውርስ ድንጋጌ ያላነሰ ጥበቃ አዘጋጀለት ማለት ነው። መቶ ብርን ማስተዳደር የቻለ ልጅ ሁሉንም ነገር መከልከል የለበትም፤ ባላደራው ትልቁን ይያዝ፣ ልጁ የየሳምንቱን ይያዝ።

ገንዘብን ጨርሶ ለመያዝ የማይችሉ ልጆችም መኖራቸው እሙን ነው። ለእነዚህ መምህሩ የሚሰጠው አገልግሎት ሌላ ነው። ባላደራ መመሪያ ያስፈልገዋል፤ መመሪያውም «ልጄን በደንብ ያዙልኝ» የሚል ሊሆን አይችልም። ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ መድኃኒቱን በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስድ፣ ሲያመው በምን ምልክት እንደሚናገር፣ ማንን እንደሚወድ፣ ለዚህ ሁሉ በወር ምን ያህል እንደሚወጣ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ይህን በሥርዓት አይቶ ለመጻፍ ከእናቱ ቀጥሎ የሚችለው መምህሩ ነው። መምህራን ስለ ልጁ በየጊዜው የሚጽፉት መግለጫ ፊደል ስለ መለየቱና ቍጥር ስለ መጥራቱ ሲሆን ስለ ኑሮው ዝም ይላል። በየዓመቱ አንድ ገጽ ቢጨመርበትና ግልባጩ ለወላጅ ቢሰጥ ለኑዛዜው አባሪ የሚሆን ሰነድ ያለ ተጨማሪ ወጪ በተገኘ ነበር።

የመጨረሻው ነገር የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው። ሰው ሲሞት ወራሾቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። ልጁ በኀፍረት ምክንያት ከጎረቤት ዓይን ተሰውሮ ያደገ ከሆነ ወንድሞቹ ስሙን ሳይጠሩ ማስረጃውን ቢያወጡ «አንድ ቀርቷል» የሚል ምስክር ላይገኝ ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ የልደት ማስረጃ የላቸውም። ወራሽ ነኝ ብሎ ለመጠየቅም ሕጉ ጊዜ ወስኗል፤ መብቱን ካወቀና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ከተረዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ነው። በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ልጁ መኖሩንና የማን ልጅ እንደሆነ የሚመሰክር ብቸኛ ጽሑፍ በአንደኛ ክፍል የተመዘገበበት ወረቀት ሊሆን ይችላል። አካል ጉዳተኛውን ልጅ ለማስመዝገብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አባት አይደለም፤ አጎት ወይም አክስት ናት። መዝጋቢው «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ያመጣውን ሰው ስም በአባት ስም አምድ ውስጥ ያሰፍራል። ልጁም ያን ጊዜ የተጻፈለትን ስም ይዞ ያድጋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የአባቱ ውርስ ሲከፈት በመንግሥት መዝገብ የሚገኘው የአጎቱ ልጅ ሆኖ ነው።